የመልአኳ ቀሚስ

"ወጋሁሽ እንዴ?" አለች መርፌ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳትተፋ።

ትንሿ ልጅ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። በነጩ ቀሚስ ጀርባ ላይ ግን ቀይ ነጥብ ብቅ ብሎ እየሰፋ ነበር።

መርፌ ስሟ አይደለም። የአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ከገባች ወዲህ፣ በእጇ ከምትወጋው ጨርቅ ይልቅ በምላሷ የምትወጋው ሰው ስለበለጠ የወጣላት ነው። ዛሬ ግን ለመቀለድም ጊዜ አልነበራት። የልደት ዋዜማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ድራማ ያሳያሉ። የእረኞቹ ልብስ ገና ጠርዙ አልታጠፈም፤ ከጠቢባኑ አንዱ እጅጌ የለውም። ትንሿ ደግሞ መልአክ ናት። ክንፉ ሽቦ ስለሆነ የሚሰፋው ልጅቷ ቀሚሱን እንደለበሰች ነው።

"መልአክም ቢሆን ስፒል ሲወጋው 'ወይ' ይላል። እስኪ ዙሪ።"

ነጥቡ ያለበት ቦታ ስፒል አልነበረም። ዝቅ ብሎ ሌላ ነጥብ ወጣ፤ ከሥሩም ሌላ። መርፌ ቁልፎቹን ፈታች። የቀበቶ ዘለበት የልጅቷ ቆዳ ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል፤ አንዳንዱ አርጅቶ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ የትናንት ነው።

"ማነው?"

"ወድቄ ነው።"

"ቀበቶ ላይ ነው የወደቅሽው?"

ትንሿ ጣቶቿን አሻሸች። "በልምምድ 'አትፍሩ' ስል ድምፄ አነሰ። አጎቴ ከፍ አድርጊ ብሎኝ ነበር።"

አጎቷ የመዘምራኑ መሪ ነው። የሟች ወንድሙን ልጅ ስለሚያሳድግ ሰው ሁሉ ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው የሚልለት።

አክስትዮዋ ካውያዋን አስቀምጣ መጣች። የትንሿን ጀርባ አየችና ፊቷን አዞረች። ሳፋ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ "አውልቂላትና ቀሚሱን አምጪው። ደም ሳይደርቅ ነው የሚለቀው" አለች። የቤቱ ሕግ ነው።

"ልጅቷስ አክስቴ? እሷንም እንዘፍዝፋት?"

"ከበዓሉ በኋላ ለቄሱ እንነግራለን። በጌታ ልደት ዋዜማ ነገር አታንሺብኝ።"

"ጌታ ራሱ ከበዓል በኋላ ተመለሺ ይላት ነበር?"

አክስቷ ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። መርፌ ቀሚሱን አውልቃ ትንሿን በገዛ ሹራቧ ስትጠቀልላት በሩ ተከፈተ። መሪው ነው።

"አለቀ?"

"አላለቀም ጋሼ። ትንሿ እዚህ ትቆይ።"

"ማን ፈቅዶላት?"

"ጀርባዋን አይተነዋል።"

ትንሿ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገባች። መሪው ጎንበስ ብሎ በፀጉሯ ሲጎትታት ግንባሯ ከብረቱ እግር ጋር ተላተመ። መርፌ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። በቡጢ አፏን አላት። ያልተፋቻቸው ስፒሎች ከንፈሯን ሰነጠቁት።

"በፈሪሃ እግዚአብሔር ነው የማሳድጋት" አለ፣ ቀበቶውን እየፈታ። "አንቺ ባለጌ አታስተምሪኝም።"

"ልቀቃት አንተ" አለች መርፌ። 'እርስዎ' ማለቱን ከስፒሎቹ ጋር ተፍታው ነበር።

ዘለበቱ ጆሮዋን አገኛት። ቤቱ ዞረባት። ሁለተኛው ትንሿ ላይ አረፈ፤ ያኔም ልጅቷ 'ወይ' አላለችም። ሦስተኛውን ሲያነሳ ግን የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ። አክስትዮዋ ካውያውን ልጅቷን በያዘበት እጁ ላይ ጫነችው።

ጮኸ፤ ለቀቃት፤ ቀበቶውም ወደቀ። ወንበር ገልብጦ ወደ በሩ ሸሸ።

"የሚቀጥለው ፊትህ ላይ ነው" አለች አክስትዮዋ፣ በመዝሙር መሃል የምታንሾካሹክ ያህል ቀስ ብላ።

"ለጉባኤው እናገራለሁ። በበዓል ሰው አቃጠለች እላለሁ።"

"ተናገር። እኔም የምናገረው አለኝ።"

ወጣ። አክስትዮዋ በሩን ቆልፋ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። "ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ" አለች፤ ስለ ካውያው ይሁን ከዚያ በፊት ስለተናገረችው፣ መርፌ አልጠየቀቻትም። ከንፈሯን በጨርቅ ይዛ ትንሿን ከወለሉ አነሳቻት።

"ድራማውስ?" አለች ትንሿ። "'አትፍሩ' የምለው እኮ እኔ ነኝ።"

"መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ለፖሊሶቹ ትያቸዋለሽ" አለቻት መርፌ።

"ድምፄ ቢያንስስ?"

"ጠጋ ይላሉ። ጆሮ አላቸው።"

እረኞቹ ጠርዝ የላቸው፣ ጠቢቡ እጅጌ የለው፤ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ እንደተከመሩ ቀሩ። አክስትዮዋ ከልማዷ ነጩን ቀሚስ አንስታ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። ጨርቁ ውሃውን ሊነካ ሲል እጇ ቆመ። ደሙ ከዳር ከዳር መድረቅ ጀምሯል።

እንደነበረ አጠፈችው፤ ከቀበቶው ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሳፋውን አነሳችና ውሃውን ደጅ ደፋችው።