በዞንዳ ቀን የተቀመሰ ወይን

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ በሰባት ወሯ የተወለደችው መጠበቅ ሰልችቷት ነው» ትል ነበር። ይሄ ጠባዬ ብዙ ነገር አበላሽቶብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ጉድ ሠርቶኝ አያውቅም።

ነገሩ የውሃ ነው። ተራራው ላይ በረዶው ከሳሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ከቦዩ የሚደርሰን ውሃ በግማሽ ተቆረጠ። አባታችን ትቶልን የሞተው ሁለት ማሳ ነው። ላይኛው አያታችን የተከለው ማልቤክ የሚባል የወይን ዘር ነው፤ ግንዱ እንደ ሽማግሌ ጣት የተቆለመመ። እሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ታችኛውን ወንድሜ አንሴልሞ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ተከለው፤ ገና ወጣት ነው፣ ፍሬው ይንዠረገጋል። ውሃው የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። ሌላው በቁሙ ይደርቃል። ስንነታረክ ከርመን በመጨረሻ ተስማማን፦ ወይን ጠጁ የበለጠው ውሃውን ይውሰድ፣ ቀምሶ የሚፈርደው ደግሞ ዶን ሂላሪዮ ይሁን። ዶን ሂላሪዮ አርባ ዓመት የሰፈራችን የውሃ አባት ነበሩ፤ የማንንም ተራ በደቂቃ አዛብተው አያውቁም።

ተራችን የሚደርሰው በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ሞላን፤ በእኔው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር፣ በእሱ ላይ ነጭ ክር አሰርን። አንሴልሞ ሽማግሌውን ሊያመጣ መኪናውን አስነሳ።

«እንዳትጨርሺው» አለኝ።

«ያንተን ማን ይጠጣዋል?» አልኩት።

ገና ከግቢ ሳይወጣ ዞንዳ ተነሳ። ከተራራው የሚወርደው ያ ደረቅ ትኩስ ነፋስ ሲመጣ በሩ ይንገጫገጫል፣ ውሻው አልጋ ሥር ይገባል፣ ሰውም ጠባዩ ይከፋል። ከንፈሬ ደረቀ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ብርጭቆዎቹን አጠብኩ፤ አቧራ ገባባቸው ብዬ እንደገና አጠብኩ። በመጨረሻ አንድ ጉንጭ ብቀምስ ምን አለበት ብዬ ከሁለቱም ቀዳሁ።

የእኔው ሞቷል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ የበርሜል እጣቢ ነው። የአንሴልሞ ግን ጣፈጥ ብሎ ወረደልኝ። አያቴ ድንጋዩን በእጁ ለቅሞ የተከለው ወይን እኔ እያለሁ ሊደርቅ ነው። በዞንዳ ቀን ወይን እንደማይቀመስ በእኛ አገር ሕፃን ያውቃል፤ ነፋሱ አፍንጫን ይዘጋል፣ ምላስን ያደነዝዛል። እኔም አውቃለሁ። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን መች ያስታውሳል? ክሮቹን ፈታሁና አቀያየርኳቸው።

መጡ። ዶን ሂላሪዮ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ይቅመሱ እንጂ» አላቸው አንሴልሞ።

«በዚህ ነፋስ? አፍንጫዬን እቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ሲቆም እንቀምሳለን።»

ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ነፋሱ ካቆመ የእኔ ወይን ሊነቃ ነው፤ ሲነቃ ደግሞ አንገቱ ላይ የወንድሜ ክር አለ።

«ካልቆመስ?» አልኩ።

«ነፋስ ሁሉ ይቆማል፣ ልጄ። የማትቆሚው አንቺ ነሽ። ቁጭ በይ፣ ራሴን አዞርሽው።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ሆንን። ሽማግሌው አሸለቡ። አንሴልሞ ግን ከጠርሙሶቹ አጠገብ ንቅንቅ አላለም።

«ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ የተላቀቀ ይመስለኛል፣ ወጥተህ እየው» አልኩት።

«ተይው፣ ሲቆም አየዋለሁ።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ መልቀሚያም አጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ቀጥ አለ። ዶን ሂላሪዮ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ከሁለቱም ቀዱ፣ አሸተቱ፣ ቀመሱ። ከዚያ በረዶ ጣሉበትና ሶዳ አንፎለፎሉበት።

«ኧረ ዶን ሂላሪዮ፣ ለዳኝነት የቀረበ እኮ ነው» አለ አንሴልሞ።

«አንተ እሑድ በምሳ ሰዓት ወይንህን በምንድነው የምትጠጣው? በሶዳ አይደል? ሶዳ ሲነካው የሚጠፋ ከሆነ ድሮም ወይን አልነበረም።»

ባለ ቀይ ክሩን ጠጡ። «ይሄ ጎበዝ ነው፤ ሶዳው ሲገባ ግን ወሬው አለቀ።» ባለ ነጩን አነሱ። አንዴ ተጎነጩ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ጨረሱት። «ይሄ አሁንም እያናገረኝ ነው። ውሃው የነጩ ክር ነው።»

አንሴልሞ ይፈነጥዛል ስል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የአያቴን ወይን ገደልኩት ማለት ነው» አለ።

ይሄን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። «ክሩን እኔ ነኝ የቀየርኩት» አልኩ። «ነጩ የእኔ ነው። በነፋሱ ቀምሼ የተሸነፍኩ መስሎኝ ነው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዶን ሂላሪዮ ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

«አርባ ዓመት የሠራሁት በአንድ ሕግ ነው። ያለ ተራው የቦይ በር የነካ ተራውን ያጣል። የወንድሜ ልጅ ነክቶ፣ ለእሱም አልራራሁም።» ወደ በሩ ሄደው ዞሩ። «ውሃው የአንሴልሞ ነው። ባትነኪው ያንቺ ነበር።»

ወንድሜ ከባለ ነጭ ክሩ ለራሱ ቀዳ፣ ጠጣ፣ አካፋውን አነሳ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነበር። ወደ ታች ይወርዳል ስል ወደ ላይ ወጣ።

«አንሴልሞ፣ ያንተ እኮ ታች ነው» አልኩት።

«ውሃው የእኔ ነው ተብሏል። የት እንደማፈሰው እኔ አውቃለሁ።»

ልከተለው እግሬን ሳነሳ እጁን ዘረጋብኝ። «አንቺ እዚያው ሁኚ። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ቆምኩ። ውሃው በአያቴ ግንዶች መሀል ሲሄድ ከደጃፉ ሆኜ ሰማሁ። የእሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በዚያው በጋ ደረቀ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። እኔ ግን አሁን ላይኛው ማሳ ወይኑን ልገርዝ ስሄድ ወንድሜን አስፈቅጄ ነው የምገባው።