ከችፑዱ ማዶ የተሰማው

በ1970 ዓ.ም. በድሪያ ሀሰን ናዝሬት ባለ አንድ የእንጨት ፋብሪካ የድምፅ መለኪያ ሠራተኛ ነበረች። ሥራው በሁለት የተያያዙ ክፍሎች ውስጥ ነው። በመካከላቸው የሚፈተነው የችፑድ ግድግዳ ይገጠማል፤ በአንደኛው ክፍል ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ እሷ በሌላው ተቀምጣ ግድግዳውን አልፎ የመጣውን ትለካለች። ሙያውን ያስተማሯት ኃላፊዋ ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። አባቷ ሲሞት ከአቦምሳ አምጥተው ያስቀጠሯት፣ ከልጃቸው ከሮማነወርቅ ጋር በአንድ ገበታ ያበሏት እሳቸው ነበሩ። ሮማነወርቅን ቀበሌው ካሰራት ሦስት ሳምንት ሆኗል።

ያን ቀን ለሆስፒታል የታዘዘው ግድግዳ ተራ ነበር። በምሳ ሰዓት በድሪያ ልጨርሰው ብላ ቀረች። ጩኸቱን አጥፍታ፣ ክፍሉ በራሱ ያለውን ድምፅ ለመለካት የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀችና ማይክራፎኑን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከወዲያኛው ክፍል በር ሲዘጋ ሰማች።

«እዚህ ማንም አይሰማንም፤ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

«ታዲያ የፀረ አብዮቱን ወረቀት የሚበትነው ማነው?» አለ ሌላ ሰው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ እንደሆነ በድምፁ ለየችው።

ጋሽ ገብረወልድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስም ከሰጠሁ ልጄን ትለቁልኛላችሁ?»

«ነገ ጠዋት።»

«በድሪያ ናት። በድሪያ ሀሰን።»

በሕይወቷ አንዲት ወረቀት በትና አታውቅም። ተሳስቼ ነው የሰማሁት አለች ለራሷ። ቀጥሎ ግን ሽማግሌው ሲንሰቀሰቁ፣ አዛዡም «ዛሬ ማታ ከቤቷ እንወስዳታለን» ሲል ሰማች። ማዳመጫውን ማውለቅ እንኳ አቃታት።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ገብረወልድ የእሷን ክፍል በር ከፈቱ። ሲያዩዋት ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምሳ አልወጣሽም እንዴ?... ግድግዳው እንዴት ነው?»

«ምንም አያሳልፍም፣ ጋሼ» አለች ወለሉን እያየች። «ልብላና ልመጣ።»

በቀጥታ ወደ ገበያ ሮጠች። አጎቷ መሐመድዘይን ሽንኩርት አራግፎ ባዶ መኪናውን ወደ መቂ ሊያስነሳ ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» ቢላት ከጎኑ ገብታ «ቶሎ ንዳ» አለችው፤ ሁሉንም የነገረችው ሞጆን አልፈው ቆቃ ሲደርሱ ነው።

ማታ የመጡት ሰዎች ባዶ ቤት አገኙ። በሳምንቱ አጎቷ እሷ ወደተሸሸገችበት መቂ ከናዝሬት ወሬ ይዞ መጣ፤ ሮማነወርቅ ተፈትታለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች በድሪያ። ከዚያ ቁጭ ባለችበት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።