የኮክ ማርማላታ ቀለም

ድዌይን የመቀሱን ጫፍ ከእንቁላሉ ሲያወጣ ጣቶቹ ረጠቡ። መርጠባቸውስ የሚጠበቅ ነው፤ የዘንዶ እንቁላል ሲቀደድ ውሃ ያወጣል። ይሄኛው ግን ወፈር ብሎ አጣበቀው። እጁን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ቀጥ ብሎ ሲያየው እጁ ራሱ ጠፋ። በቦታው ግራጫ ጭጋግ ብቻ ቀረ። የዓይኖቹ መሃል ከተጎዳ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ዳር ዳሩን ያሳዩትና ዋናውን ይደብቁበታል። ጣቱን አሸተተ። ብረት ብረት አለው።

"ኦሊታ! ቶሎ ነይ!"

ሚስቱ ወጥ ቤት ኮክ እየላጠች ነበር። ጋራዡን የዘንዶ ቤት ካደረገው ጀምሮ ደፉን ተሻግራ አታውቅም። ለምሳ እንኳ በሩን አንኳኩታ ነው የምትመለሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሲጎተት ካየች የምትዘል ሴት ናት። አሁንም መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

"እጄ ላይ ያለው ውሃ ነው ወይስ ደም?"

"ደም ነው። ተቆረጥክ እንዴ?"

"እኔማ ብቆረጥ ምን ነበረበት።"

ድዌይን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መኪና ቀቢ ነበር። በኦክላሆማ ያን ሁሉ ዘመን የሰው መኪና ቀለም ሲያዛምድ ኖሮ፣ በመጨረሻ የራሱን ቀለም ሊያገኝ ተነሳ፤ በቆርቆሮ ላይ ሳይሆን በእባብ ላይ። ሲፈሩ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉትን ትንንሽ ዘንዶዎች ማርባት ጀመረ። የዚህ እንቁላል እናትና አባት ለሚያያቸው ተራ ቡናማ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በደማቸው ውስጥ አንድ ነጭ ቡራቡሬና አንድ ወርቃማ መልክ ደብቀዋል። ልጅ ወላጆቹን ትቶ ቅድመ አያቱን ሲመስል አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ሁለቱ የተደበቁ መልኮች በአንድ ልጅ ላይ የሚወጡት ከአሥራ ስድስት አንዴ ነው። እነዚህን ወላጆች ለማግኘት ብቻ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ዘንዶ በጥድፊያ አይደርስም። ዘንድሮ ሴቷ ስድስት እንቁላል ጣለች። ዘንድሮም ዓይኑ ከዳው። ሐኪሞች ዓይኑን የሚወጉት መርፌ አልያዘለትም፤ ባለፈው ሳምንት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቀይና ቡናማ ተደበላልቀውበት ነበር።

መልኩን ቀድሞ ለማየት እንቁላል መቅደድ በአርቢዎች ዘንድ ነውር አይደለም። ግን ከእንቁላሎቹ የአንዱ ልጅ፣ ፍልፍሉ፣ ቅርፊቱን ቀዶ በራሱ አፍንጫውን ካወጣ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን በባትሪ እያበሩ፣ ቀያዮቹን የደም ሥሮች እየሸሹ ነው የሚቀደደው። ድዌይን አበራ፤ ምንም ሥር አልታየውም፤ ስለዚህ ሥር የለም ብሎ ቀደደ። የጠፋው ዓይኑ እንጂ ሥሩ እንዳልሆነ እንዴት አይገባውም? ገብቶታል እንጂ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዚህኛው እንቁላል ልጅ እግር እንኳ የለውም፣ እሱን የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ ጊዜ የለውም። ቸኮለ።

"ግቢ" አላት። "ሥሩን መቆንጠጥ አለብሽ። እኔ አይታየኝም።"

"ድዌይን፣ እኔ እዚህ ቤት..."

"አውቃለሁ። ደሙ እየፈሰሰ ነው።"

ኦሊታ እጇን በሽርጧ ጠረገች። በሁለቱም ግድግዳ ከተደረደሩት የዘንዶ መሳቢያዎች አንዱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ሰማች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ገባች። እንቁላሉ እንደ እርጥብ ቆዳ ለስላሳ ነበር። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ደሙ የሚመጣበትን ክር አገኘችና በሁለት ጣቷ ያዘችው።

"ቆመ?"

"የቆመ ይመስለኛል። አልለቀውም። እስከ ነገም ቢሆን አልለቀውም።"

ድዌይን አጠገቧ ቆመ። ምን ያድርግ? ጎኑን ሰጥቶ፣ አንገቱን ጠምዝዞ ለማየት ሞከረ፤ ጨለም ያለ ቀዳዳ ብቻ ታየው። ወደ ቀዳዳው በዞረ ቁጥር ቀዳዳውም ይጠፋል።

"ይንቀሳቀሳል?"

"ጣቴን ነካኝ።" ክሩን ግን አልለቀቀችም። "አፍንጫው መሰለኝ። ውይ፣ ሕፃን እኮ ነው።"

እንቁላሎቹ ያሉበት ማሞቂያ ሳጥን ያጉረመርማል። ኦሊታ ሁለቴ፣ "መልሶ ነካኝ" አለች። በሦስተኛው ድዌይን ራሱ አሁንስ ብሎ ጠየቃት። ያዘችውን ሳትለቅ በሌላው እጇ ጣት ትንሹን ሰውነት ገፋ አደረገችው።

"ሞቷል" አለች።

ድዌይን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ገደልኩት አለ፤ እሷም አልገደልክም አላለችውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሚስት እንደዚያ ያለ ውሸት አትዋሽም።

"ምን ይመስላል?" አላት በመጨረሻ።

"ተወው አሁን።"

"ንገሪኝ እንጂ። መልኩን ለማየት አይደል የገደልኩት?"

ኦሊታ ፍልፍሉን አውጥታ መዳፏ ላይ አጋደመችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችውን ነገር አጎንብሳ አየችው። አርቢዎቹ ለየመልኩ ያወጡትን ስም አታውቅም፤ የምታውቀው የወጥ ቤቷን ነው።

"ከአንገቱ በታች ነጭ ነው። የፈላ ወተት ሲበርድ ከላይ የሚጋገረው እንዳለ አይደል? እንደዚያ። ከዚያ ደግሞ ወደ ጭራው ቀለም ይጀምራል። ቢጫም አይደል፣ ቀይም አይደል። ባለፈው ሳምንት ያሸግኩት የኮክ ማርማላታ ነው፣ ማሰሮው ሥር ትንሽ ያረረው።"

"ጀርባው ላይ መስመር አለው?"

"አንድ። ቀጥ ያለ።"

ድዌይን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ነጩና ወርቃማው በአንድ ገላ ላይ ወጥተዋል፤ እሱ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቀው እሱ ራሱ ነበር፤ ሚስቱ መዳፍ ላይ ተኝቷል፣ እሱም አላየውም።

ኦሊታ ፍልፍሉን በጨርቅ ጠቀለለችው። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት አምስቱ እንቁላሎች አፋቸውን እንደዘጉ ናቸው። መቼ ነው የሚወጡት ብላ ጠየቀችው። አሥር ቀን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አላት። ዓይንህስ እስከዚያ ያያል ወይ አላለችም። ሁለቱም ያውቁታል።

ድዌይን ጠረጴዛውን በዳበሳ ፈልጎ መቀሱን አገኘው። በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ወደ እሷ አዞረ።

"ደብቂብኝ" አላት። "የት እንደሆነም አትንገሪኝ።"

"ብትለምነኝስ?"

"ነገ እለምንሻለሁ" አለ ድዌይን። "አትስጪኝ።"