ሳይጣሉ የታረቁ

መልካሙን በፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ሲያንኮራፋ ወጣቶቹ ሠራተኞች፣ “መብራት ጠፋ እንዴ? ጀኔሬተሩ ተነሣ!” ይላሉ። ሾፌሩ ሳይቀር ይስቃል። መልካሙም አብሯቸው ስቆ ሰፈሩ ዘንዘልማ ይወርዳል። ቤቱ ሲገባ ግን ጫማውን እያወለቀ ለሚስቱ ለአገርነሽ፣ “ዛሬም ጀኔሬተር አሉኝ” ይላታል፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል የለም።

ሐኪሙ ነገሩ ማንኮራፋት ብቻ እንዳልሆነ ነገረው። በተኛበት ትንፋሹ እየቆመ ይመለሳል፤ ልቡም በዚሁ ተጎድቷል። በአፍንጫው አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ ማሽን አዘዘለት፤ አንድም ሌሊት እንዳያቋርጥም አስጠነቀቀው። መልካሙ ማሽኑን ይዞ የገባ ዕለት ያለው ይህን ነው።

“አገር፣ ይሄን ነገር ለሰው እንዳትነግሪ። ለእህቴም ቢሆን።”

“መታመም ነውር ነው እንዴ?”

“ጀኔሬተሩ ቱቦ ተገጠመለት ሲሉ ልስማ?”

አገርነሽ ሳቀች፤ ቃልም ገባችለት።

ከማሽን ጋር መተኛት እንደ አዲስ መልመድ የሚጠይቅ ነገር ሆነባቸው። መጀመሪያ ኮመዲኖው ላይ አኖሩት፤ ቱቦው አንገቷ ላይ እየዞረ አስቸገራት። ወለሉ ላይ አወረዱትና ቱቦውን ከአሮጌ ነጠላ በቀደደችው ቁራጭ ከራስጌው ጋር አሰረችው፤ እሱ ሲገላበጥ እንዳይጎትተው። አፍንጫው ላይ የሚገጠመው ማስክ ላላ ሲል ደግሞ የሚያመልጠው አየር ዐይኗ ውስጥ ይነፋል። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጥታው መተኛት ጀመረች፤ ከተጋቡ ወዲህ እንዲያ ተኝታ አታውቅም።

እሱ ግን ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ይነሣል። አንድ ማታ እንደ ልጅ እየተፍነከነከ ገባ።

“ዛሬ የዐባይን ድልድይ ነቅቼ ተሻገርሁ! ጉማሬ አየሁ፣ አገር። ስንት ዓመት ሙሉ በላዩ ላይ ተኝቼ ሳልፍ ኖሬያለሁ!”

እንቅልፉ ከሱ ወደሷ የዞረ ይመስል ነበር። የአየሩ ሽውታ ጆሮዋን አልለቅ አለ። ሦስተኛ ክፍል እያስተማረች፣ ጠመኔ እንደያዘች ሰሌዳው ላይ ተደግፋ አሸለበች፤ ልጆቹ ሲስቁ ባነነች። ያን ዕለት ለጥቂት ቀን ሳሎን እንድትተኛ ተስማሙ። ማታ ማታ ማስኩን ትገጥምለታለች፣ ማሰሪያውን ታጠብቅለታለች፣ ግንባሩን ስማ ወደ ሶፋው ትሄዳለች። ጥቂት ቀን የተባለው ረዘመ፤ ቢሆንም ሁለቱም ይተኙ ነበር።

የመልካሙ ታላቅ እህት ፅጌ ማርያም ዐይኗን ልትታከም ከማክሰኝት የመጣች በዚህ መሐል ነው። በማግስቱ ጠዋት አገርነሽን ከሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ስታጥፍ አገኘቻት።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ወገቤን እያመመኝ ነው፣ እትዬ ፅጌ።”

“ወገቡን ያመመው ሰው ሶፋ ላይ ይተኛል? ልታሞኚኝ ነው? እግዜር ልጅ አልሰጣችሁ፤ አልጋም ከለያችሁ ታዲያ ምን ያገናኛችኋል?”

አገርነሽ ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች። ፅጌ ማርያም ያየችው በቃት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ጻድቅ ጎረቤታቸውን አቶ አዘዘን አስከትለው መጡ። ጠላ ተቀዳላቸው፤ አልጠጡም።

“ከታረቃችሁ በኋላ እንጠጣለን” አሉ አባ። “በሉ፣ ማን ነው ያጠፋ?”

አገርነሽ ባሏን አየችው። አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ስቀው ጠላቸውን ይጠጡ ነበር። መልካሙ ግን የሚያየው አቶ አዘዘን ነው። የአቶ አዘዘ ልጅ እዚያው ሰርቪስ ውስጥ ካሉት ሳቂዎች ዋናው ነበር።

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ።”

“ምን አድርገህ?”

“አስቀይሜያታለሁ።”

“ኧረ ተው!” አሉ አቶ አዘዘ። “ይሄ ሰውዬ መቼ ነቅቶ ያውቅና ነው ሰው የሚያስቀይም?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። መልካሙም ሳቀ። አገርነሽ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቁን ስታይ መልሳ ዘጋችው። መስቀል ተሳለሙ፣ ተሳሳሙ። አባም፣ “ከዛሬ ጀምሮ ባንድ አልጋ። ፅጌ ማርያም፣ አደራውን ላንቺ ሰጥተናል” ብለው ጠላቸውን አነሡ።

ማታ መልካሙ ማሽኑን ከአልጋው ሥር አላወጣውም።

“እትዬ ዛሬ ከግድግዳው ማዶ ጆሮዋን ጥላ ነው የምታድር፤ ትሰማለች። እስክትሄድ ብቻ።”

“መልኬ፣ ሐኪሙ እንዳታቋርጥ ብሏል እኮ።”

“ያለሱ ስንት ዓመት ኖሬ የለ? ይልቅ ፊትሽን ወደኔ አዙሪ። ናፍቆኛል።”

ዞረች። የማስኩ ማሰሪያ ጉንጩ ላይ የተወውን ሰንበር በጣቷ ዳሰሰችው። እሷም ናፍቋት ነበር።

ትንፋሹ ሲቆረጥ ጎኑን እየነካች ታነቃዋለች፤ እሱ መልሶ ይተኛል፤ እሷ ትጠብቃለች። የፅጌ ማርያም ሕክምና ግን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ተራዘመ። መልካሙ እንደገና ዐይኑ ደፍርሶ መግባት ጀመረ።

“ዛሬ ዐባይን አየኸው?”

“አላየሁትም።”

“ለእትዬ ልንገራት፣ መልኬ።”

“ልትሄድ ነው እኮ። አታዋርጂኝ።”

አንድ ጠዋት አገርነሽ ነቃች፤ ፀሐይ መጋረጃውን አልፋ ገብታለች። ሌሊቱን ጎኑን ልንካ ብላ ሳትነሣ፣ ሳትገላበጥ አነጋች። ሰውነቷ እንዲያ ቀሎት አያውቅም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ዛሬስ ጥሩ ተኛ ብላ ደስ አላት። ከዚያ ወገቧ ላይ የነበረውን እጁን ያዘችው።

ለቅሶው ላይ ፅጌ ማርያም ለሚገባው ሁሉ ደረቷን እየመታች፣ “እንኳን ታረቁ! ወንድሜ ባንድ አልጋ፣ ሚስቱን እንዳቀፈ ነው የሄደ!” ትላለች። ሰዉም ይህን እየተቀባበለ አገርነሽን ያጽናናበታል።

ከሠልስት በኋላ ለለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት አልጋውን ሲፈቱ ፅጌ ማርያም ማሽኑን ከነቱቦው ጎትታ አወጣችው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

አገርነሽ ነገረቻት። ሰርቪሱንም፣ ሶፋውንም፣ ግድግዳውንም ሁሉንም ነገረቻት። ፅጌ ማርያም ቱቦውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

“ለምን አልነገራችሁኝ?”

“አትንገሪ አለኝ።”

“እኔ ነኛ የገደልሁት!”

አገርነሽ፣ አይደለም ልትላት ፈለገች፤ አልወጣላትም።

ወዲያው ከትምህርት ቤቱ ሴቶች እየተላቀሱ ገቡ። ፅጌ ማርያም እንደ ልማዷ ተነሣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “እንኳን…” አለችና ቆመች። ሴቶቹ ጠበቋት።

“እንኳን ታረቅን” አለች አገርነሽ ከፍራሹ ላይ። “ባንድ አልጋ ነበርን።”

“ተመስገን፣ ይሄስ ትልቅ ነገር ነው” አሉ ሴቶቹ። ከግራና ከቀኝ አጠገቧ ተቀመጡ።