ቤቱን የመታው መድፍ

በአዳራሹ ለሚከፈተው የጦርነት ፎቶግራፎች ዐውደ ርእይ መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደንባችን አጭር ነው፤ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ መግለጫ አይጻፍም፣ ፎቶውም አይሰቀልም። በሐሰት መመስከር ስለምፈራ ደንቡን እወደዋለሁ። ታንኮቹም፣ የተቃጠሉት መንደሮችም ምስክር አግኝተው ግድግዳ ላይ ወጡ። አንድ ብቻ ቀረ፦ ወታደራዊ ካሚዮን፣ ከኋላው ግድግዳው የተናደ ቤት።

የካሚዮኑ ሹፌር የነበረው ሰውዬ ሚስቱንና አማቱን ይዞ መጣ። ቤቱ የአማቱ ነበር። ሚስቱን የማያውቅ የለም፤ ግማሹን ከተማ መኪና ያስተማረች አሠልጣኝ ናት።

«በመድፍ ተመትቶ ነው ብለህ ጻፍ» አለ ሹፌሩ።

«በመድፍ ነው» አለች ሚስቱ፣ እሱ አፉን ሳይዘጋ።

ሁለት ምስክር ሞላልኝ ብዬ እስክሪብቶዬን ሳነሳ አሮጊቷ እጄን ያዙ።

«እስቲ አጉሊ መነጽርህን አቀብለኝ፣ ልጄ።» ፎቶው ላይ አጎንብሰው ቆዩ። «መድፍ የኋላ መብራት አለው እንዴ?»

እኔም አየሁ። ፍርስራሹ መሃል የመኪና መብራት ከነሽቦው ተጋድሟል።

ሹፌሩን ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ ኋላ ስነዳ...»

«ወግድ! ካሚዮኑን በእግርህ እየተከተልክ ‹ፍሬን! ፍሬን!› ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። መሪውን የያዘችው ይቺ ናት!»

አሠልጣኟ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች። «እማዬ! ይህን ሁሉ ዘመን እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አባትሽ ቢሰማ ይሄን ሹፌር ደጃችን ድርሽ አያስብለውም ነበር። እሱ ደግሞ ‹መድፍ ነው› እያለ በየማለዳው መጥቶ ግድግዳዬን ሲጠግን ጊዜ፣ ባንቺ ጥፋት ጭቃ የሚያቦካ ሰው ለልጄ ይሆናል አልኩ።»

«የኔ ወንድም፣ አደራህን!» አለች ወደኔ ዞራ። «ተማሪዎቼ ነገ ይመጣሉ። ይህን አይተው ማን እኔ ዘንድ ይማራል?»

«መብራቱን ካየሁ በኋላ እንዴት መድፍ ልበል፣ እህቴ? ከእማማ ጋር የሚስማማ ካልተገኘ ይቀራል እንጂ።»

«እንግዲያው ይቅራ!» አለ ባል፣ ፊቱ በርቶ።

አሮጊቷ መነጽሩን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «መንደሩ ኋላ ሲቃጠል ከቤቴ የተረፈኝ ይሄ ምስል ነው። ሰው እንዲያየው ነበር ሐሳቤ።»

አሠልጣኟ እናቷን አየች፣ ባሏን አየች። «ጻፍ» አለችኝ። «እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ተማሪዎቿን ፎቶው ፊት አሰለፈቻቸው። መግለጫው «መንዳት የምትማር ልጅ በካሚዮን የናደችው ቤት» ይላል።

«መስታወት ሳታዩ ወደ ኋላ ብትነዱ ይኸው ነው!»

«ልጅቷስ ምን ተቀጣች?» አለ አንዱ።

«መንዳት ያስተማራትን ሹፌር አገባች።»