የመልካው ጸጥታ

አንባቢ ሆይ፣ በሰው ልጅ ላይ ከሚወርዱ ኀዘኖች ሁሉ የሚከብደው በዳይ የሌለው ኀዘን ነው። ጠላት ያደረሰብን ግፍ፣ ምንም እንኳ ልብን ቢያቆስልና ዐይንን ቢያስለቅስ፣ ቢያንስ የምንረግመው ስም፣ የምንጠላው ፊት፣ የምንጠብቀው የፍርድ ቀን ይሰጠናል፤ በዳይ የሌለው ኀዘን ግን ባለቤት እንደ ጠፋበት ከብት ከደጅ ወደ ደጅ ሲንከራተት ይቆይና፣ በመጨረሻ ልባችን ዕረፍት ሽቶ ከጎረቤቶቻችን አንዱን ይመርጥለትና «ይህ የአንተ ነው» ብሎ ያስረክበዋል። የተረከበውም ሰው ብዙ ጊዜ መረከቡን አያውቅም። ስንት ብሔራትና ስንት ነገሥታት በዚህ ዓይነት ርክክብ ተቀያይመው እንደ ኖሩ ሊቃውንት ቢጽፉት መልካም ነበረ፤ ሊቃውንት ግን ሌላ ሥራ ስላለባቸው፣ ከብዙው አንዱን እኛ እንደ ዐቅማችን እንናገራለን።

ከአንድ ጥልቅ ሐይቅ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ፣ የጎረቤት አገሮች መኮንኖች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የሚማሩበት ዐቢይ የጦር ትምህርት ቤት ነበረ። ክረምት በገባ ጊዜ ጉሙ ከሐይቁ እየተነሣ፣ ደረጃውን በእርጋታ እየወጣ፣ በመስኮት እየገባ፣ በመምህሩና በተማሪዎቹ መካከል ስለሚቆም፣ ከኋላ የተቀመጡት መኮንኖች የመምህራቸውን ድምፅ እንጂ ፊቱን አያዩም ነበር፤ በትከሻ ላይ ያለው የማዕረግ ምልክት፣ በደረት ላይ ያለው የሰንደቅ ዓላማ ቀለም እየደበዘዘ፣ ኮሎኔሉ ከሻለቃው፣ የወዲህኛው አገር ሰው ከወዲያኛው የማይለይበት ሰዓት ይመጣ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ሕልም ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ትምህርቱ «የቀጣናዊ ጸጥታ ትብብር» ይባላል፤ ስሙ ረጅም፣ መጽሐፉ ወፍራም፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለዐይን ሽፋን እጅግ ከባድ ነበረና፣ በጥይት ያልወደቀ ብዙ ጀግና በዚያ በእንቅልፍ ወድቋል።

የዚህ ትምህርት መምህር ኮሎኔል ይትባረክ ወልደ ሰማዕት ነበሩ። ኮሎኔሉ ጠመንጃ ከመያዛቸው በፊት በቅኔ ቤት ያደጉ፣ ልሳነ ግዕዝን ከእናት ጡት ባይጠቡትም ከመምህር ኩርኩም የተቀበሉት፣ ቃልን መርጠውና አክብረው የሚናገሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ተራው ቃል ለተራ ነገር ይሁን ብለው ውሃን «ማይ»፣ መንገድን «ፍኖት»፣ ጥበቃን «ዕቅበት» ይሉ ነበር። በጦር ሜዳ ሳሉ ወታደሮቻቸው ትእዛዛቸውን ከመፈጸማቸው በፊት እርስ በርሳቸው ይተረጓጎሙ እንደ ነበር ይነገራል። እርሳቸውም በዚህ ሲቀለድባቸው አይቆጡም፤ ከተማሪው ጋር አብረው ይስቃሉ። የማይስቁት ወንዙ ሲነሣ ብቻ ነበር።

የወንዙ ነገር እንዲህ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ሻለቃ ሳሉ፣ በሁለት አገሮች መካከል በሚፈስ ወንዝ ዳር የአንድ ጦር ሰፈር አዛዥ ነበሩ። የማዶው ጎረቤት ጦር በወንዙ ላይኛ መታጠፊያ የእንጨት ማማ ነበረውና፣ ደራሽ ውሃ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታየው ከዚያ ነው፤ የሁለቱ ሰፈር ሰዎችም ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም፣ በጎረቤት ወግ ብቻ፣ ያየ ላላየ በሬዲዮ እንዲነግር ተስማምተው ነበር። አንድ ማለዳ፣ ከብት ዘራፊዎች ቀርበዋል የሚል ወሬ ስለ ተሰማ፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን ተሸክመው በጉም ውስጥ የወንዙን መሻገሪያ፣ መልካውን፣ ሊሻገሩ ገቡ። ሻለቃ ይትባረክም ሬዲዮውን አንሥተው፣ ማዶ ያሉት መኮንኖች ሻጋሪዎቹን ከዘራፊ እንዲጠብቁላቸው አስበው፣ አጭርና ክቡር በሆነ ቃል፣ «ሰዎች በመልካው እየተሻገሩ ነው፤ ጸጥታ ጠብቁ» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማዶው ሬዲዮ ጭጭ አለ፤ ቢጠሩት አልመለሰም። ውሃው ሳይነገርለት መጥቶ ዐሥራ አንድ ሰው ይዞ ሄደ። ጉሙ ሲገለጥ በማማው ላይ አንድ መኮንን ቆሞ ወንዙን ሲመለከት ሻለቃው በመነጽር አዩት፤ በዚያው ቀን አንዲት እናት ከቁጥቋጦ መካከል በገዛ እጃቸው ሲያወጡ፣ ሕፃኑ በጀርባዋ እንደ ታዘለ ነበረ። እዚያው ወንዙ ዳር ቆመው፣ ማማው ላይ የነበረውን ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር ላይሉ ማሉ።

መሐላውም ከጊዜ ብዛት ትምህርት ሆነ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መካከል ባለው የአሸዋ ገበታ ላይ፣ ኮሎኔሉ በየዓመቱ ያንን ወንዝ በጣታቸው ይቀርጻሉ፣ ማማውን በክብሪት እንጨት ያቆማሉ፣ ከዚያም የጎረቤትን ቃል ማመን ምን እንደሚያስከፍል ያስተምራሉ። በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከአሸዋ ወጥቶ ወደ መንግሥት ወረቀት ገባ፤ ሁለቱ አገሮች በወንዙ ዳር ያሉ ሰፈሮቻቸው ስለ ጎርፍና ስለ ዘራፊ በግዴታ እንዲነጋገሩ ውል አዘጋጅተው ነበርና፣ የበላይ ጉባኤው ወንዙን የሚያውቁትን ኮሎኔል አስተያየት ጠየቀ። እርሳቸው እንቢ ካሉ ውሉ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። እርሳቸውም እንቢታቸውን በሁለት ገጽ አሳምረው ጽፈው፣ ዓርብ ለሚመጣው የጉባኤው መልእክተኛ ሊያስረክቡ በመሳቢያቸው አኑረውት ነበር። በወንዙ ግን በዚያው ወር እንኳ ሰዎች ያለ ማስጠንቀቂያ እየተሻገሩ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ኮሎኔሉ ታሪኩን እንደ ወትሮው ከተረኩ በኋላ፣ በማማው የነበረው መኮንን ስለ ምን ዝም እንዳለ ተማሪዎቹን ጠየቁ። አንዱ ጉቦ በልቶ ነው አለ፤ ሌላው ከበላይ ታዝዞ ነው አለ፤ ሦስተኛው ሬዲዮው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ በመራራቱ ተገሠጸ። ከኋላ ረድፍ፣ ጉሙ በሚበረታበት ቦታ የተቀመጠው ሻለቃ ቢየል ጆክ ብቻ አልተናገረም። ሻለቃ ቢየል ከወንዙ ማዶ ካለው አገር የመጣ፣ ቁመቱ ከበር የሚበልጥ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ መኮንን ነው፤ አማርኛን በልጅነቱ፣ ጦርነት ከአገሩ ባሰደደው ጊዜ፣ በስደተኞች ሰፈር ተምሮታል። ዝምታው ማንንም አላስገረመም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ለጥበቡ ቈጠሩለት። እርሱ ግን በዚያች ሰዓት ጉሙ ባይኖር ኖሮ እንባው በታየበት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ኮሎኔሉ በአሸዋው ገበታ አጠገብ እንደ ተቀመጡ እንቅልፍ መሰል ነገር ሸለብ አደረጋቸው። ጉሙ ገበታውን ሸፍኖት ነበርና፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል፣ የአሸዋው ወንዝ ሲፈስ፣ ጥቃቅን ሰዎች ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወደ መልካው ሲወርዱ አዩ፤ ሊጠሯቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ነገር ግን ከብዙ ክቡራን ቃላት መካከል አንድ እንኳ የሚሰሙት ቃል አጡላቸው። በድንጋጤ ቀና ሲሉ ሻለቃ ቢየል ከገበታው ማዶ ቆሟል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ እንዲቀመጥ ቢጋብዙትም ሳይቀመጥ፣ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ በማማው ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ።»

ኮሎኔሉ ብድግ አሉ። «ውሃው ሲመጣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን ዝም አሉ?»

«ዝም በሉ ስላሉኝ ነው ጌታዬ። ጸጥታ ጠብቁ አሉኝ።»

ከዚያም ያ ጥቂት ተናጋሪ ሰው የዐሥራ ሁለት ዓመቱን በአንድ ጊዜ አፈሰሰው። በስደተኞች ሰፈር ስድሳ ልጆች በአንድ ዛፍ ሥር ሲማሩ፣ መምህራቸው በየማለዳው ቆርቆሮ በዱላ እየመታ «ጸጥታ!» ይላቸው እንደ ነበር፣ ያን ጊዜ ያስነጠሰ እንኳ ይገረፍ እንደ ነበር፣ ይህችንም ቃል ከዚህ በቀር በሌላ ትርጉም እንዳላወቃት ነገራቸው። መልእክቱ በሬዲዮ በመጣ ጊዜ ዘራፊዎች ከመልካው አጠገብ አድፍጠው ድምፅ የሚጠባበቁ መሰለው፤ ሬዲዮው እንዳይጮኽ ዘጋው፤ ወታደሮቹንም ትንፍሽ እንዳይሉ አዘዘ። ውሃውን ባየ ጊዜ ሊጮኽ ፈለገ፣ ቢጮኽ ግን ሰዎቹን የሚያስገድላቸው መሰለውና እጁን ነክሶ ቆመ። ይህንንም ሲል በአውራ ጣቱ ሥር ያለውን ጠባሳ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንዱን ሰዎች የገደላቸው የውሃው ፍጥነት ነው ብሎ ራሱን ሲያጽናና ኖሮ፣ ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣ ዕለት በበሩ ላይ «የቀጣናዊ ጸጥታ ትብብር» የሚል ጽሕፈት አነበበ። ጎረቤታሞች ተስማምተው ዝም ስለሚሉበት ጥበብ ሊያስተምሩት መስሎት በልቡ ስቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የዚያችን ቃል ሌላ ትርጉም ከኮሎኔሉ ከራሳቸው አፍ ሰማ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይጣፍጠውም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህች ቃል በእኛ ልሳን ሁለት ቤት አላት፤ በአንዱ ዝምታ ትባላለች፣ በሌላው የአገር ደኅንነት። እኛ በልማድ ከአንዱ ወደ አንዱ ስንመላለስ ደጃፉን እንኳ አናስተውልም፤ እንግዳ ግን ያሳዩትን አንዱን ቤት ብቻ ያውቃል። ኮሎኔሉ፣ የቃልን ምሥጢር ሲመረምሩ ያረጁት ሰው፣ ይህን አለማሰባቸው እንደ እሳት አቃጠላቸው። ተራ ቃል ንቀው ነበር። «ሻጋሪዎቹን ከዘራፊ ጠብቁልኝ፤ ውሃ ካያችሁም ንገሩኝ» ቢሉ ኖሮ፣ ያች እናት ዛሬ ሕፃኗን አድጎ ታይ ነበር።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ።

«እግዚአብሔርና እርስዎ። ለአለቆቼ ብናገር ማዕረጌን ይገፉኛል። ዝም ብል ግን ደብዳቤዎ ነገ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ያየሁት ይበቃኛል።»

ሻለቃው ሰላምታ ሰጥቶ በጉሙ ውስጥ ሲወጣ ኮሎኔሉ አልጠሩትም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት አገር ተወልደው፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት መሐላ ማጠፍ ለእርሳቸው ሞት ነበረ። ስማቸው ለጄኔራልነት ቀርቦ ነበር፤ መጽሐፋቸው በሰባት አገር ይጠና ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጠሉት ሰው ነበራቸው፣ ያም ሰው ለብዙ ዓመታት ሌሊታቸውን አቅልሎላቸዋል። ሻለቃ ቢየልን ቢከሱት ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እኔ ግን ስለ እኚህ ሽማግሌ እውነቱን እናገራለሁ፤ ፈሩ፣ አለቀሱም፣ ምክንያት ፈልገው ራሳቸውን ሊያታልሉ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

ዓርብ ጧት የጉባኤው መልእክተኛ ጄኔራል በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ሳለ፣ ኮሎኔል ይትባረክ በአሸዋው ገበታ ፊት ቆሙ። የክብሪት እንጨቱን ማማ አነሡና፣ በዚህኛው ዳር፣ የእርሳቸው ሰፈር በነበረበት ቦታ ተከሉት። ከዚያም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ ቃል አስተማሩ። «ለዐሥራ ሁለት ዓመት ማዶ ያለው ሰው ስለ ምን ዝም አለ ብዬ ስጠይቅ ኖርሁ። ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹን የገደላቸው የእኔ ቃል ነው። እርሱ ያጠፋው ነገር ቢኖር እኔን መታዘዙ ነው።» እንቢታቸውን የያዘውን ደብዳቤ አውጥተው አልሰጡም፤ በምትኩ በሌሊት የጻፉትን አንዲት ገጽ አስረከቡ፤ ገጿም ውሉ ይጸድቅ ትላለች፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ግን መልእክት ሁሉ ገበሬ በሚገባው ቃል ይነገር፣ ተቀባዩም የገባውን በራሱ ቃል መልሶ ሳይናገር መልእክቱ እንደ ደረሰ አይቈጠር ትላለች።

ዋጋው ወዲያው ተከፈለ። የጄኔራልነቱ ማዕረግ ቀረ፤ የማስተማሪያ መንበሩ ለሌላ ተሰጠ፤ ነገርን ነገር ያነሣዋልና የድሮ ተወዳዳሪዎቻቸው ባንድ ቃል ዐሥራ አንድ ሰው የገደለ ቅኔ አዋቂ ብለው ተሳለቁባቸው። ሻለቃ ቢየልም በአገሩ ተጠርቶ ተመረመረ፤ ተወቀሰ፣ ማዕረጉ ግን ዳነለት፤ ወደዚያው ወንዝም ተመለሰ። ውሉ ተፈረመ። ኮሎኔሉም፣ የጡረታ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ወደ ማንም ወደማይፈልገው ወደዚያ ወባማ መልካ እንዲመድቧቸው ለመኑ፤ አለቆቻቸው እንደ እብደት ቈጥረውት ፈቀዱላቸው።

በሚከተለው ክረምት፣ አንድ ጉማም ማለዳ፣ ሠላሳ አራት ሰዎች ከነልጆቻቸው መልካው አፋፍ ደርሰው ሳለ የኮሎኔሉ ሬዲዮ ተናገረ። ከማማው ላይ የሻለቃ ቢየል ድምፅ ነበረ። «ውሃው መጥቷል። በግማሽ ሰዓት መልካው ይደርሳል። ምን ሰሙ?»

ኮሎኔሉ ሬዲዮውን አነሡ። «ውሃው እንደ መጣ ሰማሁ። በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ሰዎቹን አሁን እመልሳለሁ።»

«ልክ ነው ጌታዬ።»

ሮጠው ወርደው መለሷቸው። አንዲት አሮጊት ጓዛቸው በዝናብ መራሱን እያነሡ፣ ወታደር ሰውን ማንገላታት ይወዳል ብለው አጥብቀው ወቀሷቸው፤ ኮሎኔሉም ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ወዲያው ውሃው እያገሣ መጥቶ፣ ማንም በሌለበት መልካ ላይ አለፈ። አሮጊቷ ንግግራቸውን አቋርጠው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ኮሎኔሉ በእርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ወታደሮቻቸው እያዩዋቸው፣ ስለ ዐሥራ አንዱ ሰዎች ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ሬዲዮውንም አልዘጉትም ነበርና ማዶ ያለው ሰው ልቅሷቸውን ሰምቶ አብሯቸው አለቀሰ። የገዛ ቃሉን ትርጉም ከባዕድ አፍ ለመማር የማያፍር አዛዥ፣ ማዕረግ ቢያጣ እንኳ ጎረቤት አያጣም።