የእታለማሁ ትከሻ

ደረሰ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ መጣ ይባል እንጂ፣ የመጣው እታለማሁን ብሎ ነው። አብረው ያደጉ ናቸው፤ እሷ በመምህርነት ቻግኒ ከተመደበች ወዲህ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። እሷም ለሠርጉ መጥታ ዛሬ ከሰዓት ወደ ቻግኒ ትመለሳለች። ከመሄዷ በፊት እንደሚወዳት ሊነግራት ቆርጦ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዞ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ካርቱን ሠሪ ነው፤ በቴሌግራም የሚለቃቸውን ጨፋሪዎች የማያውቅ የለም። ለአንዱ ሰው አራት ትከሻ ይሰጠዋል፤ አንገቱን በሦስት መስመር ያወዛውዘዋል፤ ወረቀቱ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። የእታለማሁ ትከሻ ግን በትዝታ ስንት ጊዜ ሞክሮት አንዴም እሺ አላለውም።

ከበሮው ሲሞቅ እታለማሁ ወጣች። እስክስታዋን እየመታች ዳሱን ዞረችና መጥታ ደረሰ ፊት ቆመች። ጨፋሪ ፊቱ የቆመበት ሰው ተነስቶ ትከሻን በትከሻ መመለስ አለበት፤ ቁጭ ካለ አልፈልግሽም ማለት ነው። ደረሰ ይህ አይጠፋውም። ነገር ግን ያ የናፈቀው ትከሻ እዚያው አፍንጫው ሥር ነበረ። ቢነሳ የሚያመልጠው መሰለውና አቀርቅሮ ይሥል ጀመር።

«ኧረ ተነስ አንተ ልጅ! ወንበሩ ላይ ሰፉህ እንዴ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡ እናት።

«ቆይ፣ ትንሽ ቀረኝ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እታለማሁ ጥቂት ጠበቀችው። ኋላ የሙሽራው ወንድም ቢሻው ዘሎ ገባና ትከሻዋን መለሰላት።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ደረሰ በር ላይ ደረሰባት።

«እይው፤ ዛሬ ገና መጣልኝ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው። «እኔው ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ማን ፊት ነው የምጨፍረው?»

«እኔ ፊት ነዋ!»

«የታለህ ታዲያ?»

ሥዕሉ ላይ ከፊት ለፊቷ ወረቀቱ ባዶ ነበር።

«እያየሁሽ ነበር እኮ፣ እታለም።»

«ለማየትማ ቪዲዮ የሚያነሳው ሰውዬም ነበረ» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት። ባጃጅ አስቁማ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ደረሰ ሊል የመጣውን ሳይል ቀረ።

ተመልሶ ተቀመጠና በባዶው ቦታ ራሱን ሊሥል እርሳሱን አነሳ። የዳሱን ሰው ሁሉ ትከሻ ያውቃል፤ የራሱ ግን አልመጣለት አለ።

«ቢሻው፣ እኔ ስጨፍር ምን እመስላለሁ?»

ቢሻው ላቡን እየጠረገ ቆም አለ። «ምኑን አውቄ? አንተ መቼ ጨፍረህ ታውቃለህ!»

ደረሰ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ደጅ የባጃጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር ግን ቀና ይል ነበር።